የእጮኛዬ እናት ዝሆኔ አለባቸው፤ ለልጆቻችን ይተርፋል?

ጥያቄ፦ «የ29 ዓመት ወጣት ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ምሥራቅ ጎጃም ገጠር ነው፤ አሁን ባሕር ዳር እሠራለሁ። ላገባት ያሰብኳት ልጅ ያገሬ ልጅ ናት። የእናቷ ሁለቱም እግሮች ከጉልበት በታች አብጠዋል፤ አገሬው ዝሆኔ ይለዋል። ቤተሰቦቼ ይህን ሲሰሙ ‹የዘር ነው፣ ደማችንን ያበላሻል› ብለው ሽማግሌ አንልክም አሉ። አክስቴ ደግሞ ‹ይጋባል፣ ከቤታቸው እህል እንዳትቀምስ› ትለኛለች። ሰሞኑን ልጅቷም ‹ማታ ማታ ውስጥ እግሬን ያቃጥለኛል፣ ጫማ ይጠብበኛል› ማለት ጀምራለች፤ ጠዋት ስትነሳ ግን ደህና ናት። ሳልነግራት የደም ምርመራ ላሠራት እችላለሁ? ክትባት ወይም የሚያድን መርፌስ አለው?»

ምላሽ፦

ከአክስትህ እንጀምር። አይጋባም። አንድ አልጋ ላይ ብትተኙ፣ በአንድ ትሪ ብትበሉ፣ የእናቷን እግር በባዶ እጅህ ብታጥብ አይዝህም። አማርኛችን ለትዳርም ለበሽታ መተላለፍም «መጋባት» የሚል አንድ ቃል መስጠቱ ነገሩን ሳያወሳስበው አልቀረም።

አንድ በሽታ እንዲጋባ ከሰው ወደ ሰው የሚሄድ ነገር ያስፈልገዋል። ይህኛው ግን ባክቴሪያም፣ ቫይረስም፣ ትልም አያመጣውም። የሚያመጣው አፈር ነው። በሕክምና ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል፤ በግሪክኛ «እግር» እና «አቧራ» የሚሉት ቃላት ተጣምረው የወጣ ስም ነው። ያወጣለት ኧርነስት ፕራይስ የተባለ ብሪታንያዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ሲሆን፣ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እዚሁ እኛ አገር ላይ ነው በሽታውን ያጠናው። ከታማሚዎች ብሽሽት የተወሰዱ ንፍፊቶችን ሲመረምር የአፈር ቅንጣት አገኘባቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥንት እሳተ ገሞራ የተፈጠረው ቀይ የሸክላ አፈር በዓይን የማይታዩ የማዕድን ቅንጣቶች አሉት። በባዶ እግር ለዓመታት ሲረገጥ ቅንጣቶቹ በቆዳው ያልፋሉ። የሰውነት ተከላካይ ሕዋሳት ይውጧቸዋል፤ ግን ሊፈጯቸው አይችሉም። ይዘዋቸው ሊምፍ የሚባለው ፈሳሽ ወደሚሄድባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች ይገባሉ። እዚያ ቁጣ ይነሳል፣ ጠባሳ ይፈጠራል፣ ቱቦው ይጠባል። ቦይ በደለል ሲደፈን ውሃው ማሳው ላይ እንደሚተኛው ማለት ነው። ፈሳሹ እግር ላይ ይቀራል፣ ቆዳው ይወፍራል፣ ኋላም ይጠጥራል።

በአንድ ቀን እርሻ ወይም በአንድ ክረምት አይመጣም። በልጅነት የተጀመረ ባዶ እግር ምልክቱን ብዙ ጊዜ የሚያሳየው በጉርምስና ወይም በሃያዎቹ ዕድሜ ነው። ሰው ደግሞ ሕመሙን የሚያያይዘው ከሰሞኑ ነገር ጋር ነው፤ እባብ የተኛበትን ረገጠች፣ ድግምት ተደረገባት ይላል። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ የተረገጠውን ቀይ አፈር ማን ያስታውሰዋል?

አፈሩ በየቦታው አይገኝም። ከባሕር ጠለል በላይ ከ1000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታና በዓመት ከ1000 ሚሊ ሜትር ያላነሰ ዝናብ ያለበት አገር ይመቸዋል። የአንተ ምሥራቅ ጎጃም፣ ወላይታ፣ የኦሮሚያ ብዙ ደጋና ወይና ደጋ ወረዳዎች እዚህ ውስጥ ይገባሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 በተካሄደው አገር አቀፍ ቅኝት ከ775 ወረዳዎች በ345ቱ በሽታው መኖሩ ታውቋል። ከዚያ የተሠራው ስሌት አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል አዋቂ ኢትዮጵያውያን ታማሚ መሆናቸውን ያሳያል። በዓለም ላይ እንደ እኛ ብዙ ታማሚ ያለው አገር የለም። ስለዚህ «የእነ እገሌ ቤት በሽታ» የሚባል ነገር አይደለም፤ ከእናንተም ቀበሌ ፈልገህ አታጣውም።

ሌላም ዝሆኔ እንዳለ እወቅ። በቆላ፣ ለምሳሌ በጋምቤላ፣ ትንኝ የሚያስተላልፈው ትል ተመሳሳይ እብጠት ያመጣል። እሱ ብዙ ጊዜ ከላይ፣ ከብሽሽት ወይም ከወንድ ብልት ከረጢት አካባቢ ይጀምራል፤ አንድ እግርን ለይቶ የመያዝ ጠባይም አለው። የአፈሩ ከጣቶችና ከእግር መዳፍ ተነስቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከጉልበት እምብዛም አያልፍም፤ ሁለቱንም እግር ይይዛል፣ አንዱ ከሌላው ቢብስም። ለትሉ በዘመቻ የሚታደለው ክኒን ለአፈሩ አይሠራም።

አሁን ወደ ቤተሰቦችህ ክርክር። «የዘር ነው» ሲሉ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። እንዲያውም ይህንን ቁራጭ እውነት መካድ አይጠቅምህም፤ ሽማግሌ ፊት ስትከራከር ታፍራለህ። በወላይታ በተሠራ ጥናት የታማሚ ወንድም ወይም እህት በበሽታው የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው አምስት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። ኋላም ሰውነት ባዕድ ነገርን ከሚለይባቸው ዘረ መሎች መካከል አንዳንዶቹ ከበሽታው ጋር እንደሚያያዙ ታወቀ። አንድ ማሳ ላይ አብረው በባዶ እግር ካረሱ ሁለት ጎረቤታሞች አንዱ ታሞ ሌላው የሚተርፈው በከፊል በዚህ ነው።

ግን የሚወረሰው ምኑ ነው? ተጋላጭነቱ ነው። በሽታው አይደለም። ልጅ ከእናቱ ለአፈሩ ቶሎ የሚቆጣ ሰውነት ሊወርስ ይችላል፤ አፈሩን ግን አይወርስም። ተጋላጭ የሆነ ልጅ ከመጀመሪያ እርምጃው ጀምሮ ጫማ ተጫምቶ ካደገ፣ እግሩም በየቀኑ ከታጠበ፣ በሽታው የሚነሳበት ነገር የለም። ይህ የእኔ ምኞት አይደለም። ሞሮኮ፣ አልጄሪያና ቱኒዚያ ውስጥ ይህ በሽታ ነበር፤ ሕዝቡ ጫማ ማድረግ ሲለምድ ጠፋ። የሰዎቹ ዘር አልተቀየረም።

አንድ ቁጥር ደግሞ ሰዎች በስህተት ሲጠቅሱት ሰምቻለሁ፤ «63 በመቶ በዘር ነው» ይላሉ። ቁጥሩ ከዚያው ከወላይታው ጥናት የወጣ ነው። ትርጉሙ ግን «ልጅህ 63 በመቶ ይታመማል» አይደለም። ሁሉም በባዶ እግሩ በሚሄድበት አገር፣ ማን ታመመ ማን ተረፈ የሚለውን ልዩነት ምን ያህሉን ዘር ያስረዳል ለሚለው ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው። ጫማ ላለው ልጅ አይሠራም።

ሳትነግራት የደም ምርመራ ላሠራት ብለሃል። አታድርገው። አንደኛ ነገር፣ በሽታውን የሚለይ የደም ምርመራ የለም። የምንለየው ታሪኩን ጠይቀን፣ እግሩን አይተን፣ ሌሎች ምክንያቶችን አስወግደን ነው። ዘረ መሉም ቢሆን ለምርምር እንጂ ለትዳር ማረጋገጫ የሚሰጥ አይደለም። ሁለተኛው፣ ሰውን ሳይነግሩ መመርመር ነውር ነው፤ ከእሷ ጋር ለመኖር ካሰብክ ከእሷ ጋር አውራው። ክትባትም፣ የሚያድን መርፌም የለውም። «ሽንት የሚያሸና» የሚባለውን ክኒን ከፋርማሲ ገዝተው የሚወስዱ ታማሚዎች ያጋጥሙኛል። ለዚህ እብጠት አይረዳም፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲወሰድ ደግሞ ሌላ ጉዳት ያመጣል።

በጥያቄህ ውስጥ ለእኔ ትልቁ ነገር በአንድ መስመር ያለፍከው ነው፦ ማታ ማታ ማቃጠሉ፣ ጫማ መጥበቡ፣ ጠዋት ደህና መሆኑ። ከዚህ ጋር በአውራ ጣትና በአጠገቡ ባለው ጣት መካከል የማሳከክ ስሜት ካለ፣ ወይም የእግሯ ፊት ወደ ጎን መስፋት ከጀመረ፣ የአፈሩ ዝሆኔ የመጀመሪያ ምልክት ሊሆን ይችላል። ደግነቱ፣ ማታ የነበረ እብጠት ጠዋት የሚጠፋበት ጊዜ ገና የሚመለስበት ጊዜ ነው። እብጠቱ ሌሊቱን እግር ተሰቅሎም አልጎድል ካለ፣ ቆዳውም ከጠጠረ፣ ከዚያ ወዲያ የምንይዘው እንጂ የምናጠፋው አይሆንም። እኛ ጋ የሚመጡት አብዛኞቹ ይህ በር ከተዘጋ በኋላ ነው።

እንዲህ ስል ግን በሽታው ይዟታል እያልኩ አይደለም። እግር በብዙ ምክንያት ያብጣል። ቀኑን ሙሉ መቆም፣ እርግዝና፣ የልብ፣ የኩላሊትና የጉበት ሕመም ሁሉ ያሳብጣል። አንድ እግር ብቻ በድንገት አብጦ ባቱ ካመመ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል፤ ለዚያ ቀን ቀርቶ ሰዓት እንኳ አትጠብቅ፤ ወዲያው ወደ ሕክምና። ትንፋሽ ማጠር አብሮ ካለም እንዲሁ። እግሯ የመደንዘዝና ስሜት የማጣት ነገር ካለው ሐኪሙ የሥጋ ደዌንም ማየት አለበት። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ወይም የቆዳ ሐኪም ዘንድ ትሂድ። ስትሄድም «እናቴ የአፈር ዝሆኔ አለባት» ብላ በግልጽ ትናገር፤ ያ አንድ ዓረፍተ ነገር ብዙ ምርመራ ይቆጥባል።

ቀጠሮው እስኪደርስ የምትጀምረው ነገር ማንንም አይጎዳም። ማታ ማታ እግሯን በንጹሕ ውሃና በሳሙና እስከ ጉልበት ትታጠብ። በጣቶቿ መካከል በደንብ ታድርቅ፤ እርጥበት የቀረበት ጣት ለፈንገስ በር ይከፍታል። ከዚያ ቫዝሊን ትቀባ፤ ቀን ቀን ካልሲ ለብሳ ሽፍን ጫማ ታድርግ። ሽፍን ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ኮንጎ፣ በረባሶ፣ ሸበጥ እሾህና ድንጋይ ይከላከላሉ፤ ጭቃና አቧራ ግን በየቀዳዳው ይገባል። ስትተኛ እግሯን በትራስ ከፍ ታድርገው። ስትቀመጥ ቁርጭምጭሚቷን ታዙር፣ ጣቶቿን ታጣጥፍ ትዘርጋ፤ የባት ጡንቻ ሲሠራ ሊምፉን ወደ ላይ ይገፋዋል። አገር ቤት ስትሄድም ይኸው ነው። «ለሁለት ቀን ብቻ ነው» ተብሎ ጫማ በር ላይ የሚወልቅበት ልማድ እዚህ ላይ ይብቃ።

እናቷ ደግሞ ሌላ ደረጃ ላይ ናቸው። እብጠቱ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል ብለህ ተስፋ አትስጣቸው። የሚሻሻለው ግን ትንሽ አይደለም። አንዲት ሴት አልረሳም። የተራ ወረፋው መጨረሻ ላይ፣ በሩ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ሁለቱንም እግራቸውን በፌስታል ጠቅልለው በገመድ አስረዋል። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «ሰው እንዳይሸተው» አሉኝ። ፌስታሉን ስፈታው ቆዳው ላይ ድንጋይ ላይ እንደሚበቅል ሽበት የመሰለ ሻካራ ነገር ወጥቷል፣ በየእጥፋቱ ውሃ ያዣል። ምንም ልዩ መድኃኒት አልሰጠናቸውም። መታጠቢያ ሳፋ፣ ሳሙና፣ ቅባት፣ ፋሻ። ከሦስት ወር በኋላ ሲመጡ እግራቸው አሁንም ትልቅ ነበር። ሽታው ግን የለም፣ ማዣቱ ቆሟል። ወረፋው መሐል ተቀምጠው ከጎረቤታቸው ጋር ያወሩ ነበር።

ለእጮኛህ እናት የሚጨመረው እግር መዘፍዘፍ ነው። ቆዳው የተሰነጠቀና የሚያዥ ከሆነ፣ ከሳሙናው በኋላ በጣም በቀጠነ በረኪና መዘፍዘፍ ይረዳል። 5 በመቶ ከሆነው በረኪና 15 ሚሊ ሊትር ለ6 ሊትር ውሃ ይበቃል። ጠንከር ያለ ይሻላል ብሎ የሚጨምር አለ፤ ያቃጥላል፣ ቁስል ያባብሳል። ጠርሙሱ ላይ መጠኑ ካልተጻፈ ጤና ጣቢያው ይለካላቸው። ፋሻ አጠማጠሙንም እዚያው ቢማሩ ይሻላል፤ አላግባብ የጠበቀ ፋሻ ራሱ ጉዳት ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያሰቃያቸው እብጠቱ ሳይሆን «ሲነሳባቸው» ነው። እግሩ በድንገት ይቀላል፣ ይግላል፣ ብሽሽታቸው ላይ ንፍፊት ይወጣል፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ይመጣል፤ ለቀናት ይተኛሉ። እዚያው እናንተ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ 700 ለሚጠጉ ታማሚዎች የተሠራ ሙከራ ነበር። ወዲያው እንክብካቤ የጀመሩት በዓመት በአማካይ 19 ጊዜ ገደማ ሲነሳባቸው፣ ወረፋ ሲጠብቁ የቆዩት 24 ጊዜ ገደማ ተነሳባቸው። ከአምስት አንድ ያህል ቀነሰ ማለት ነው። ተአምር አይደለም፤ ሳሙናና ጫማ ብቻውን ሁሉን ይፈታል የሚሉ ሰዎች ይህንን ቁጥር ቢያዩት ጥሩ ነው። ግን በወር ሁለት ጊዜ አልጋ ላይ ለሚወድቅ ሰው በዓመት አምስት ጊዜ መቅረቱ ብዙ ነው። ሲነሳባቸው ማረፍ፣ እግር ከፍ ማድረግ፣ በቀዝቃዛ ውሃ የራሰ ጨርቅ፣ ፓራሲታሞል፣ ብዙ ፈሳሽ። ትኩሳቱ ከጠና ወይም ቁስል ካለ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ፤ አንቲባዮቲክ ሊያስፈልግ ይችላል። ዋግምት፣ መብጣት፣ በጋለ ብረት መተኮስ ፈጽሞ አይሞከር። በተከፈተው ቆዳ ጀርም ይገባና የሚቀጥለው የባሰ ይሆናል።

ጠበል እየሄዱ ከሆነ ተው አትበላቸው። ክርክሩ አያስፈልግም፤ እምነታቸውን ተነጥቀው ሕክምና የሚጀምሩ ብዙ ሰዎች አላየሁም። ጫማ አድርገው ይሂዱ፣ ሲመለሱ ታጥበው ያድርቁ፣ ቅባቱን አያቋርጡ። ቤተ መቅደስ ለመግባት ጫማ ማውለቅም ችግሩ እዚያ አይደለም። ችግሩ ከቤት እስከ ደጀ ሰላሙ ያለው መንገድ ነው።

ስለ ሥራና ስለ ሐዘን ልጨምር፤ ይህ በሽታ ሲወራ እግር ብቻ ይወራልና። በወላይታ ታማሚዎች ከሥራ ቀናቸው 45 በመቶ ያህሉን እንደሚያጡ ተለክቷል። ገበሬ ግማሽ የሥራ ጊዜውን አጥቶ ጫማ ከየት ይገዛል? በሰሜን ኢትዮጵያ በተሠራ ሌላ ጥናት ከታማሚዎቹ 12.6 በመቶ ከፍተኛ የድብርት ምልክት ሲኖርባቸው፣ በጎረቤቶቻቸው ላይ 0.7 በመቶ ብቻ ነበር። ይህ ከእግር ክብደት ብቻ አይመጣም። «እህል እንዳትቀምስ» ከሚለው ነው የሚመጣው። የጤና ባለሙያውም ከደሙ ንጹሕ አይደለም፤ በወላይታ በተደረገ መጠይቅ ግማሽ ያህሉ የጤና ሠራተኞች በሽታው ይጋባል ብለው ያምኑ ነበር። እኔም በተለማማጅነቴ ዘመን፣ ስሙን በማልጠራው ቦታ፣ አንዲት ታማሚ ከውጭ በረንዳ ላይ እንድትታይ ሲደረግ ዝም ብዬ አይቻለሁ።

መገለሉ ደግሞ በሽታውን ይመግበዋል። የታመመ ሰው እግሩን ይደብቃል፤ የደበቀ አይታከምም። ትልቅ ጫማ ካደረገ ሰው ይጠቋቆምበታል፣ ስለዚህ በባዶ እግሩ ይሄዳል። ሴት ልጁን የሚያገባ ይጠፋል ብሎ እሷም ስትታመም አፏን ይዘጋል። እጮኛህ ማቃጠሉን ለአንተ መንገሯ ራሱ ያልተለመደ ነው። አመኔታዋን በድብቅ የደም ምርመራ አትመልስላት።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። በበሽታው ምክንያት ጋብቻውን አታፍርስ፤ ለማፍረስ የሚበቃ የሕክምና ምክንያት የለም። ከሽማግሌው በፊት አባትህንና አክስትህን አንድ ጤና ባለሙያ ፊት አስቀምጣቸው። በቃል ከምትከራከር፣ አካባቢያችሁ ያለችውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወደ ቤት ጥራት፤ እናንተ ወረዳ ውስጥ ስንት ታማሚ እንዳለ የምታውቅ እሷ ናት። ልጅ ስትወልዱ፣ የትም ብትኖሩ፣ ጫማው ከመጀመሪያ እርምጃ ይጀምራል፤ አያቶቹ ጋ ሲላክም አብሮ ይላካል።

ለእናቷ ጫማ ነገር፦ ሱቅ ውስጥ ለእግራቸው የሚሆን ላይገኝ ይችላል። በልክ የሚሠሩ አሉ፤ ወላይታ ሶዶ ያለው የሞሲ ፉት ማኅበር ለዓመታት በራሱ ወርክሾፕ ለታማሚዎች ጫማ ሲሠራ ቆይቷል። ጫማ የሚከለክል እባጭ ጣታቸው ላይ ካለ እሱ ብቻ በቀላል ቀዶ ሕክምና ይነሳል። እግሩን በሙሉ «ልቅረፍላችሁ» የሚል ካጋጠማችሁ እሺ አትበሉ፤ ጠባሳው ያሰቃያል፣ እብጠቱም ይመለሳል። እጮኛህ ደግሞ የልብስ ሰፊ ሜትር ትግዛ። በየሳምንቱ እሑድ ማታ ከቁርጭምጭሚት በላይ ዙሪያውን ለክታ ትጻፈው፤ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ። ከሦስት ወር በኋላ ያንን ወረቀት ይዛ ወደ ሐኪሟ ትመለስ።